ወንድሜ ጡት የሸሸ ጊዜ

ልጅ እያለሁ፣ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ከሠራ በኋላ፣ ታናሽ ወንድሜ አለኸኝ ጡት ሸሸ። ስለዚያ ዘመን ሲወራ የምሰማው ሁልጊዜ ስለ ጠመንጃ ነው፤ እገሌ ይህን ያህል ጣለ፣ እገሌ መትረየስ ማረከ። ይወራ፣ ደግ ነው፤ አባቴም ከነዚያው አንዱ ነበር። እኔ ግን የዚያ ዘመን ነገር በተነሣ ቁጥር ዐይኔ ላይ የሚመጣብኝ ተከፍቶ የሚጮህ የሕፃን አፍ ነው። እኩዮቼ የሆናችሁ፣ በየገደሉ ተደብቃችሁ የከረማችሁ፣ የምለው አይጠፋችሁም።

አገራችን ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ነው። ወንዶቹ ዱር ሲገቡ ጣልያን ቤቱን ሁሉ ማቃጠል ጀመረ፤ እኛ ሴቶችና ልጆች ከብቱን በየዘመዱ በትነን ወደ ገደሉ ወረድን። የተጠጋንበት ዋሻ ሰፊ ነበር፤ አፉን ቁልቋልና ቀጋ ሸፍኖታል። ሽታው ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። የሌሊት ወፍ ኩስ፣ የረጠበ አጎዛ፣ የሕፃናት ሽንት። ቀን እሳት አይነድም፤ ጭሱ ያስይዘናል። የምንበላው ሲመሽ የተቆላ ባቄላና ሽምብራ ነው፤ እሱም ሲቆረጠም ድምፅ አለው ተብሎ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። እኛ ሴቶች ልጆች ቅልልቦሽ ስንጫወት ጠጠሩ ይንቋቋል ተብሎ ስለተከለከልን በፍየል በጠጥ እንጫወት ነበር። መቼም ልጅ ልጅ ነው፤ በበጠጡም ተሸናንፈን እንኳረፍ ነበር።

ከሁሉ የሚፈራው ግን የሕፃን ለቅሶ ነው። ከገደሉ አናት ላይ ጣልያንና ባንዳ የሚመላለስበት መንገድ ያልፋል። ከቁልቋሉ ሥር ሆና የምትጠብቅ ሴት ነበረች፤ ሰው ስታይ ጓል ወደ ታች ትጥላለች። ጓሉ ሲወድቅ የምታጠባ ሴት ሁሉ ልጇን ጡት ታጎርሳለች፤ ራበውም አልራበው፣ ቢተኛም ባይተኛም። ይህን ደንብ ያወጡት የዋሻው ታላቅ እመት ወርቄ ነበሩ። አንዲት ጥርስ ብቻ ቀርታቸው ነበርና እኛ ልጆች በስውር እንስቅባቸዋለን፤ ሲቆጡ ግን ትልቁም ትንሹም ጭጭ ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሉ ወደቀ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ጎረቤታችን አንጓች አለች። አንጓች ገና ልጅ እግር ነበረች፤ የታቀፈቻት የሺም የበኩር ልጇ ነች። የሺ ድምፅ የላትም ነበር። እናቴ «ምነው ለኔም እንደ የሺ ያለችውን በሰጠኝ» እያለች ትቀናባት ነበር፤ የኛው አለኸኝ ጩኸታም ነበራ።

ከላይ የእግር ኮቴ ሰማን፤ ቀጥሎም ንግግር። በጣልያንኛ ቢሆን ይሻለን ነበር። የሰማነው የገዛ አማርኛችንን ነው፤ የአገራችን ልጅ ባንዳ «በቅሎዎቹ ደክመዋል፣ እዚሁ እንረፍ» ይላል። እዚያው ከራሳችን በላይ አረፉ። አለኸኝ የነቃው ያን ጊዜ ነው። እናቴ ጡቷን አጎረሰችው፤ እምቢ ብሎ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ማጅራቱን ይዛ ፊቱን ጡቷ ላይ ተጫነችው። አጠገቧ ነበርኩና እግሩ ጉልበቴን ይመታኛል፤ መጀመሪያ በኃይል፣ ኋላ ኋላ ቀስ እያለ። እናቴ ዐይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ከላይ ሰዎቹ አንድ ነገር እየተጨዋወቱ ይስቁ ነበር።

ሲሄዱ እናቴ እጇን አላላች። የአለኸኝ ፊት ጠቁሯል። ትንፋሹ ቆየ፣ ቆየና ከውሃ እንደወጣ ሰው እየተንሰቀሰቀ መጣ። አንጓች ግን ካለችበት አልተነሣችም። የሺን ከጡቷ ሳትለይ «ተኝታለች» አለች። ሰው በቀረባት ቁጥር «ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት» ትላለች። ሲመሽ እመት ወርቄ አጠገቧ ተቀምጠው ጉንጫቸውን ወደ ሕፃኗ አፍንጫ አስጠጉና ቆዩ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው «ልጅቷን ብርድ መቷታል» አሉ። ሴቱም ተቀብሎ ብርድ ነው፣ ብርድ ነው አለ። ከዋሻው ጥግ ተቀበረች፤ ሙሾ የለ፣ ደረት መምታት የለ። አንጓች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር።

ከዚያ ለት ጀምሮ አለኸኝ ጡት አልይዝ አለ። ይርበዋል፤ ጣቴን ሲያገኝ እንኳ ይጠባል። እናቴ ስታቅፈው አፉን ከፍቶ ይፈልጋል፤ እጇ ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ ግን ጀርባውን ገትሮ፣ ፊቱን አዙሮ ይጮሃል። አንዷ ዐይን ነው አለች። ሌላዋ ወተቱ ደንግጧል አለች። እመት ወርቄ የእናቴን ወተት ድንጋይ ላይ አስጨምቀው ጉንዳን ይጠብቁ ጀመር፤ ጉንዳን ከሸሸው ወተቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጉንዳኖቹ ተሻምተው ጨረሱት። «እንግዲያስ እንጥሉ ወርዶበታል፤ ይቆረጣል» አሉ። እንጥል መቁረጥ ያን ጊዜ የትም ያለ ነገር ነው፤ እኔም ተቆርጫለሁ። ግን ወንድሜ ሳይጠባ ሰንብቶ አጥንቱ ወጥቷል፤ ከደማ እንደማይተርፍ ልጅ ሆኜም ይታወቀኝ ነበር። ጩኸቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። እናቴን «ወይ ዝም አሰኝው፣ ወይ ይዘሽው ውጭ» ያለቻት የገዛ አክስቴ ናት። አልፈርድባትም፤ እሷም ልጆች ነበሯት።

እናቴ ምክንያቱን ታውቀው ነበር። ግን ተናገረች ማለት ለአንጓች የሺን የገደላት ብርድ አይደለም ብላ ነገረቻት ማለት ነው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ዝም ያለችው እመት ወርቄ ምላጩን ይዘው «አምጭው» እስኪሏት ድረስ ነው።

«እመት፣ ይተዉት» አለች። «እንጥሉ አይደለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

እናቴ ቀና አላለችም። «እጄን ፈርቶ ነው። ያን ለት አፍኜው ነበር። ጡቴ ሲቀርበው ደግሜ የማፍነው ይመስለዋል።»

ዋሻው ውስጥ ያለው ሴት ሁሉ ወደ አንጓች ዞረ። አንጓች ወተቱ እንዲደርቅ ጡቷን በመቀነት ጠፍራ አስራ ነበር፤ የቀሚሷ ደረት ግን ርሷል። ተነሥታ ወደ እኛ መጣች። እናቴን ትመታታለች ብዬ አጎዛው ላይ ተኮራመትኩ።

«ስጭኝ» አለቻት።

እመት ወርቄ ደነገጡ። «ተይ አንቺ ልጅ! ሬሳ የያዘ ጡት ለሕፃን አይሰጥም፤ ሞት ይከተለዋል።»

«ወተቱ ደረቴን እያቃጠለኝ ነው፣ እመት። እሱ ደግሞ ይራባል። ለማን ላኑረው?»

መቀነቱን ፈታችና በጎኗ ተጋደመች። እናቴ ልጁን አጠገቧ አስተኛችው። ያኔ አንጓች ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ እርስ በርስ ቆለፈቻቸው። «ይኸው፣ አልነካህም» አለችው። አለኸኝ አለቀሰ፣ ፊቱን አዞረ፣ እጇን የሚጠብቅ ይመስል ቆየ። እጅ የለም። ተመልሶ አሸተተ፤ አፉን ከፈተ፤ ያዘ። ሲውጥ የጉሮሮው ድምፅ ይሰማን ነበር። የአንጓች እንባ በአፍንጫዋ ላይ ተሻግሮ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል፤ ለመጥረግ እንኳ እጇን አልፈታችም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እመት ወርቄ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልለው «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እናቴ ኋላ እንደዚያው ተጋድማ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ብትሞክር አለኸኝ አልቀረባትም። ወተቷ ድንጋይ ላይ እየፈሰሰ ደረቀ። ጣልያን ከአገር ሲወጣ እሱ አንጓችን እማዬ ብሎ፣ እናቴን በስሟ እየጠራ ወደ መንደር ተመለሰ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችውም። ሁለቱ ሴቶች በቡና፣ በማኅበር፣ በለቅሶ ሳይለያዩ አረጁ፤ ስለዚያ ቀን ግን ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። አንጓች ስትሞት አለኸኝ ጠጉሩን ተላጭቶ እንደ ልጅ ቆመላት። እናቴ ሙሾ ስታወርድ የሺን በስሟ ጠራቻት፤ ወጣቶቹ የሺ ማን እንደሆነች አላወቁም፣ እርስ በርስ ተያዩ።

አሁን ልጄ ደብረ ማርቆስ ከተማ ወልዳ እኔም እሷን ላርስ መጥቻለሁ። ሰሞኑን ሕፃኑ ጡት እየያዘ ሲለቅ፣ ሲነጫነጭ ጊዜ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። ነርሷ አፍንጫው ታፍኖበት ነው አለች፤ ወተቱ ሲፈጥንበት፣ ጆሮውን ሲያመውም እንዲሁ እንደሚሸሽ አስረዳችን፤ ጭንቅላቱን እየተጫንሽ አታጥቢው፣ በራሱ ይምጣ ብላ መከረቻት። አፍንጫው ሲጸዳ ጠባ። ነገሩ ይኸው ነበር። ለአንዱ ልጅ ይህን ያህል ቀላል የሆነ ነገር ለሌላው ያን ያህል መክበዱ ያንገበግበኛል።

ማታ ማታ ግን ጠግቦም ያለቅሳል፤ ሳንባው አያልቅበትም። ቤቱ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ይጋራልና ልጄ ትሳቀቃለች፤ ደርሳ ጡት ልታጎርሰው ትሮጣለች። «ኧረ እማዬ፣ ጎረቤት ይሰማል» ትለኛለች።

«ይስማ» እላታለሁ።

ሕፃኑን ከእጇ እቀበልና በሩንም መስኮቱንም ከፍቼ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። ልጄ እናቴ ጃጀች ትል ይሆናል። እሱ እስኪበቃው ይጮሃል፤ እኔም እስኪበቃው እሰማዋለሁ።