ብስኩት በመረቅ

የኤርጎጌ ልጅ ፊቤ በእንግሊዝኛ የሚደርስብኝ የለም ባይ ናት። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ተወልዳ ቤሪያ ሰፈር ፎቅ ላይ ያደገች ልጅ ናትና በሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ፈረንጅ በመጣ ቁጥር ለማስተርጎም ማይክ የሚሰጠው ለእሷ ነው። እናቷ ደግሞ ቶኮዛ ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ቀኑን ሙሉ ከሽቦው መስኮት ጀርባ ቆማ ዳቦና የስልክ ኤርታይም ትሸጣለች። ፊቤ ሰው ፊት ሲሆን ታፍርባታለች። ምን ይደበቃል!

አንድ እሁድ ከአሜሪካ፣ ከቴነሲ የመጡ ሚስስ ሄዝል የሚባሉ አሮጊት እንግዳ ለሴቶች ኅብረት ስለ አገራቸው ምግብ እንዲያወሩ ተጠየቁ። "በርገር ብቻ የምንበላ ይመስላችኋል" ብለው ጀመሩ። ከተሸረከተ በቆሎ ስለሚሠራ ገንፎ ሲያወሩ ሴቶቹ "ይሄማ የዚህ አገር ፓፕ ነው" ብለው ሳቁ። ከአሳማ አጥንት ጋር ስለሚቀቀል ጎመንም ነገሯቸው። በመጨረሻ ከሁሉ በላይ የሚናፍቃቸውን ቁርስ ሲጠሩ ፊቤ ሳታመነታ ተረጎመችው፤ "ብስኩት በመረቅ።"

በኅብረቱ ተናግራ የማታውቀው ኤርጎጌ እጇን አወጣች። "ለቅዳሜው ስብሰባ እኔ እሠራላቸዋለሁ፣ በያቸው" አለች።

ቤት ሲገቡ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። "ፊቤዬ፣ ብስኩት ያልሽው ይሄ የሻዩን ነው? እላዩ ላይ መረቅ ይፈሳል? እስቲ ደውለሽ ጠይቂያቸው።"

"እማዬ፣ እንግሊዝኛውን ለእኔ ተዪልኝ" አለች ፊቤ።

ቅዳሜ ጉድ ፈላ። ኤርጎጌ ሱቋን ዘግታ ዶሮ ቀቀለች፤ ከመደርደሪያዋ ያወረደችውን ብስኩት ትሪ ላይ ደርድራ ትኩሱን መረቅ አፈሰሰችበት። እንግዳዋ ፊት ሲቀርብ ብስኩቱ ላሽቆ ሊጥ ሆኗል። ሴቶቹ ተያዩ። ሚስስ ሄዝል መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ኋላ ፈገግ ብለው በእንግሊዝኛ አስረዱ። በእሳቸው አገር ብስኩት ማለት በአሬራ የተለወሰ፣ ከምድጃ እንደወጣ የሚበላ ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ነው፤ መረቅ የተባለውም በወተትና በዱቄት የሚሠራ ነጭ ስጎ ነው።

"ምን አሉ?" አለች የኅብረቱ መሪ በለጥሽ።

የፊቤ ጆሮ ጋለ። ስህተቱ የአስተርጓሚዋ መሆኑ ከታወቀ ማይኩ ሄደ ማለት ነው። ዓይኗን በጨው አጥባ ወደ እንግዳዋ ዞረችና በእንግሊዝኛ፣ "ይቅርታ ያድርጉልን፤ እናቴ ስላልገባት ነው። ያልተማረች የገጠር ሰው ናት" አለች።

ኤርጎጌ ጭልፋውን አስቀመጠች። ልጇን ትንሽ አየቻትና በአማርኛ ለሁሉም ተናገረች። "ልጄ በትክክል ነግራኝ ነበር፤ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። በይ፣ ይሄንንም ተርጉሚላቸው።"

ሁሉም ፊቤን ጠበቁ። እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያኔ ነበር። እሷ ግን የእናቷን ቃል አንድም ሳታስቀር ተረጎመችው።

ሚስስ ሄዝል ተነስተው ኤርጎጌን አቀፏት። በእንግሊዝኛቸውም፣ "እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ ስላለሽ ደስ ሊልሽ ይገባል" አሏት።

ፊቤ ለመተርጎም አፏን ስትከፍት እናቷ ቀድማት ከሱቁ መስኮት ጀርባ በለመደችው እንግሊዝኛ መለሰች። "አዎ፣ እኔ ያልተማርኩ የገጠር ሰው ነኝ። እሷን ግን አስተምሬአለሁ።"

ፊቤ ትሪውን አንስታ ወደ ኩሽና ገባች። በለጥሽ ጸሎት ተርጉሚ ብላ ብትጠራትም፣ ወጥታ የእናቷን ፊት ማየት አቃታት።