የሐይቋ ባለርስት

ዳግም የሚባለውን ሁለቴ የወጣ አረቄ ሽታ እስከ ዛሬ አልችለውም። በቀደም ሰርግ ላይ አንድ ዘመዴ መለኪያውን አፍንጫዬ ሥር ሲያስጠጋው እጁን ገፍቼ ወጣሁ። ኩራት መሰላቸው። ነገሩን ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ለአንተ ልንገርህ።

ከእስቴ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ፣ ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግርጌ አንዲት ትንሽ ሐይቅ አለች። በውስጧ እባብ ነበረ፤ ጀርባው ጭቃ የመሰለ፣ ሆዱ እንደ ደረሰ ገብስ ቢጫ። ሴቶቹ "ባለርስቱ" ይሉት ነበር። ውኃ የሚቀዳ ሰው ጀሪካኑን ከመንከሩ በፊት ዳር ያለውን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ያኔ ባለርስቱ ከመቅጃው ተነሥቶ፣ ሳይቸኩል፣ በስተግራ ካለው ደንገል ሥር ይገባል። ሰው ነክሶ አያውቅም፤ ድንጋይ የወረወረበትም የለም። ሥርዓቱን ያስተማሩኝ የደብሩ ቄስ የነበሩት አባቴ ናቸው። "ቤቱ ነው፤ አንኳኩተሽ ግቢ" ይሉኝ ነበር።

መካነ ኢየሱስ አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር ስለ እባቡ ለባዮሎጂ መምህራችን ነገርኩት። ስልኩ ላይ ሲፈልግ ሰነበተና የሚመስለው እባብ አጣ። ወጣት ነበር፤ ነገሩን ከልቡ ያዘው። ሐይቋ ዳር ውኃዋን የሚስብ የመስኖ ሞተር ሊተከል ነው ይባል ነበር።

"ስም የሌለውን እንስሳ ማን ይጠብቀዋል?" አለኝ። "ስም እንዲወጣለት ደግሞ አንድ መያዝ አለብን። አንድ ብቻ።"

አመንኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ስሜ ከእባቡ ስም ጋር እንዲጻፍም ጓጉቼ ነበር።

ለአባቴ ስነግራቸው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ቆይተው "ልጄ፣ ስሙንማ የፈጠረው ያውቀዋል። ተይው" አሉኝ። እሺ አልኩ። እሑድ ጠዋት እሳቸው ቅዳሴ ላይ ሳሉ መምህሩን ይዤ ወረድኩ።

ፀሐይ ገና ደንገሉ ላይ አልደረሰችም። ዳርቻው ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ከላይ የአባቴ ድምፅ ይሰማኛል። መምህሩ መረቡን ደንገሉ ሥር ዘርግቶ አደፈጠ። ድንጋዩን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ባለርስቱ እንደ ወትሮው መንገድ ለቀቀልኝ፤ ሳይቸኩል ሄዶ መረቡ ውስጥ ገባ።

የሞተ እንስሳ ሳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን አልነበረንም። ከአንዲት አረቄ ሻጭ በገዛነው ዳግም አረቄ የተሞላ ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ከነነፍሱ ከተትነው። ክዳኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከውስጥ ሲመታው መዳፌ ላይ ይሰማኝ ነበር። ቆይቶ ተወው። በማግስቱ መምህሩ ትምህርት ቤት ሆዱን ሲከፍተው እንቁላል ተደርድሮ አገኘ። ባለርስቱ ሴት ኖራለች። መምህሩ ምላጩን አስቀምጦ ፊቱን አዞረ።

ፎቶውን በቴሌግራም ለአንድ የእባብ አዋቂ ላከ። መልሱ ከብዙ ሳምንት በኋላ መጣ። አዲስ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ ግን በአንዲት ሴት ብቻ መወሰን አይቻልም፤ ወንድ ፈልጉ የሚል ነበር። በጋውን ሙሉ ፈለግን። አንድም አላየንም። ሞተሩ ተተከለ፤ መምህሩም ተዛወረ። ጠርሙሱ አሁንም ቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ነው። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ ሐይቋም ቀኑም ተጽፏል፤ የስሙ ቦታ ባዶ ነው።

አባቴ አልተቆጡኝም። ምነው በተቆጡኝ! አንድ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወርድ እሳቸው ቀድመውኝ ነበር። ጎንበስ ብለው በመቋሚያቸው ድንጋዩን ሦስት ጊዜ ሲያንኳኩ አየኋቸው።

"አባ፣ የለም እኮ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ባለቤቱ ሞተ ብዬ ሳላንኳኳ ልግባ?"

ዐምና ለተዝካራቸው ሄጄ ወደ ሐይቋ ወረድኩ። ውኃው ሸሽቶ ድንጋዩ ደረቅ መሬት ላይ ቀርቷል። የጎረቤት ልጆች ቀድተው፣ እየተሳሳቁ አለፉኝ፤ አንዷም አላንኳኳችም፤ ለምን ብላ ታንኳኳ? እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁና በስተግራ ወደ ደንገሉ በኩል አየሁ። የልጆቹ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።