ዲንሾ በኮርስ የደረስኩ ለት

እናቴ ጎባ ሆስፒታል ሆዷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ነው ያደርኩት። ሐኪሙ አንድ አርብ መጥቶ "እናታችን ተርፈዋል፣ ማክሰኞ ይወጣሉ" ሲላት ደስታው እግሬ ውስጥ ገባ። ሮቤ ቤቴ ውስጥ ከሥራ ባልደረባዬ የገዛሁት ኮርስ ብስክሌት ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። ከሮቤ ጎባ ተመላልሼበታለሁ፤ ያ ግን አይቆጠርም። የዲንሾን ዳገት ሞክሬው አላውቅም ነበር።

እሑድ ልወጣው ነው ስላት እናቴ ሳቀችብኝ። ዲንሾ ከደረስኩ ታዲያ መዳኗን ለእህቷ በአፌ እንድነግራት አዘዘችኝ። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ ዲንሾ ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ጎባ መጥታ አልጠየቀቻትም። ስልክ ደግሞ አታምንም። በስልክ የሞተም ሰው "ደህና ነው" ይባላል ትላለች፣ ሐሰትም የላት።

ቅዳሜ ማታ ሮቤ ቤቴ አደርኩ፤ ከሰዓት ዝናብ ስለማይጠፋ ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጥቁር ቱታ፣ ጥቁር ጃኬት፣ ሹራብ ኮፍያ፤ የነበረኝን ሁሉ ደራርቤ ለበስኩ። የስንዴውን ሜዳ እንደ ንጉሥ አለፍኩት። ዳገቱ ሲጀምር ንግሥናዬ አበቃ። የመጨረሻውን ማርሽ አስገብቼ ሌላ ማርሽ ፈለግሁ፣ የለም። ትንፋሼ በጆሮዬ ይወጣል፤ ነፋሱ ዓይኔን እየመታው እንባዬ ጉንጬ ላይ ይወርዳል። ምን አባቴ አቅብጦኝ ነው እያልኩ ራሴን ስረግም አንድ አይሱዙ ጭስ አልብሶኝ አለፈ።

ከዚያ ነው ነገሩ ግራ ያጋባኝ። መንገድ ዳር የተቀመጡ ሰዎች "አካም ቡልቴ"፣ እንዴት አደርክ ይሉኛል፤ መመለስ አልችልም፣ አፌን ለአየር ብቻ ነው የምከፍተው። ሳልመልስ ሳልፍ ግን ከተቀመጡበት ይነሣሉ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጣፋች። ሱሪዬ ተቀዶ ይሆን ብዬ በአንድ እጄ ከኋላ ዳበስኩ፤ ደህና ነው። ታዲያ ምን ሆነው ነው?

ዲንሾ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ የአክስቴ ጎረቤት፣ ከልጅነቴ የሚያውቁኝ ሽማግሌ፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እናቴ እንዴት እንደሆነች ጮክ ብለው ጠየቁኝ። ብቆም ዳግመኛ እንደማልነሣ አውቃለሁ። መናገር አልችልም ለማለት ራሴን ነቅንቄ፣ እጄን ወደ ታች አወዛውዤ አለፍኩ። ዞር ስል ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር እያወጡ ነው።

አክስቴ በር ላይ ሰው ሞልቷል። ከብስክሌቱ ወርጄ አጥሩን ያዝኩ። አክስቴ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ቆማ አፌን አፌን ታያለች። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው፤ "ውሃ።"

ግቢው በለቅሶ ተናጋ። አክስቴ "እህቴን! እህቴን!" እያለች ደረቷን መታች። ክው አልኩ። ለካስ እኔ ብስክሌት ስጋልብ እናቴ ሞታለች፤ ለእነሱ ተደውሏል፣ እኔ ሳልሰማ ቀርቻለሁ። የአርቡን ሐኪም፣ ሳቋን፣ ያልተቀመጥኩበትን ወንበር እያሰብኩ በድን ሆኜ ቆምኩ። የሰው ልጅ እናቱን ጥሎ ዳገት ይወጣል? እንደምንም ብዬ፣ "ማን ነገራችሁ?" አልኩ።

ይህን ስል አክስቴ መሬት ተዘረረች።

ሽማግሌው በዚህ መሃል ደርሰው ኖሮ እጄን ይዘው መቼ እንዳረፈች ጠየቁኝ። እኔ እንጃ፣ የሰማችሁት እናንተ አይደላችሁ እንዴ አልኳቸው። ኧረ ያመጣኸው አንተ ነህ አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በማለዳ፣ ጥቁር ለብሶ፣ እያለቀሰ፣ ሰላምታ ሳይመልስ ወደ ዘመድ ቤት የሚገሰግስ ሰው በእኛ አገር መርዶ ነው የያዘው። ደህና ናት ብሎ እንዳይዋሽ ነው ሰላምታ የማይመልሰው። ይህን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ብስክሌት ላይ ስወጣ ረሳሁት እንጂ።

ለእናቴ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

"ደረስክ?" አለች።

ስልኩን አክስቴ ጆሮ ላይ ደገንኩት። እሷ ግን ድምፅ ይመሳሰላል ብላ ጭራሽ አላምን አለች። እናቴ ትዕግሥቷ አልቆ፣ ያን የሠርጌ ለት ወስደሽ ያስቀረሽብኝን ቀሚስ እስክትመልሺ አልሞትም ብላ ስትጮህ ሁላችንም ሰማን። አክስቴ ያን ጊዜ አመነች። እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች ሰደበችኝ። ጎረቤቶቹ ለለቅሶ የያዙትን ቆሎ ለደስታ በላነው።

ስመለስ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጫንኩት። በመስኮት ያየሁትን ሰው ሁሉ እጄን እያወዛወዝኩ ሰላም አልኩ፤ የማላውቀውንም።

ሆስፒታል ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ትጠብቀኛለች። ስለ ዳገቱ አልጠየቀችኝም። እህቷ በደንብ አልቅሳ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልቅሳለች አልኳት። ደረቷንም መታች ወይ አለችኝ። መታች፣ መሬት ላይም ወደቀች አልኳት። ደስ አላት።

"አንተስ?" አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ ሄጄ፣ ሞታለች ባልኩበት ሰዓት አንዲት ጠብታ አልወጣኝም ነበር። ውሃ ብቻ ነው የለመንኩት። ይህ እንዴት ለእናት ይነገራል? ወንበሬን ስቤ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ።