የአቶ ግዛው ባለቀለም መስታወቶች

አቶ ግዛው ወልደየስ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ሐረር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ለምርመራ ደም የሰጠ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛቸው ነበርኩ። የጋዜጣ ሰው ነኝና ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። እቀናባቸው እንደነበርም አልደብቅም።

ለመገጣጠሚያ ሕመም ምርመራ ወደ ላቦራቶሪው የሚመጣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ነበር። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የፕላስቲክ እንክብሎች አሉ። ጊዜው ያለፈበት ጠርሙስ ሊጣል ሲል አቶ ግዛው ለምነው ኤረር በር አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ይወስዱታል። አንድ ጠብታ መስታወት ላይ ያኖራሉ፤ ነፋስ እንዳያገኘው ብርጭቆ ይደፉበታል። ነጩ ጠብታ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀይና አረንጓዴ ያበራል፤ መስታወቱን ዘንበል ሲያደርጉት ቀለሙ ይለወጣል።

«እንክብሎቹ እኩያ ናቸው» ይሉ ነበር። «ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ይጠጋጉና ራሳቸው ይሰለፋሉ። ብርሃኑን የሚለየው ሰልፉ ነው። ትንሽና ትልቅ ብትቀላቅል ሰልፉ ይፈርስና ኖራ ይመስላል።»

አንድ ቀን ከድሬ ጠያራ ጣቶቻቸው ያበጡ ገበሬ እናት መጡ። አቶ ግዛው ውጤታቸውን አጠገባቸው ተቀምጠው ቀስ ብለው ነገሯቸው። ሴትየዋ ሲያዝኑ ጊዜ አንዱን መስታወት መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው።

«ማሻአላህ! ምን ቀባኸው ልጄ?»

«ምንም አልቀባሁም እናቴ፣ ደርቆ ነው።»

«እኔም እኮ ደርቄያለሁ፤ ቀለሜ የታለ ታዲያ?» ብለው ሳቁ። መስታወቱንም ይዘው ሄዱ።

እኔ ለጋዜጣዬ ስለ መኸሩ ሴትየዋን ልጠይቃቸው፣ ውጤት ሲጠብቁ ግማሽ ሰዓት አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። አንዴ እንኳ አልሳቁልኝም።

እኔም ከፈሳሹ ጥቂት ወስጄ በድብቅ ሞከርኩ። ቸኩዬ ፀሐይ ላይ ባሰጣው ተሰነጣጥቆ ነጭ ቅርፊት ሆነ።

ከዚያ በኋላ አቶ ግዛው «ጻፍልኝ» አሉኝ። «ለዝና አይደለም። ይህ ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚያውቅ ሰው አንብቦ ይጽፍልኝ ይሆናል። እዚህ የማዋየው አጣሁ።»

«ባለሙያ ሳያረጋግጠው አላወጣም» አልኳቸው።

«ጋዜጣህ ዝናብ ዘነበ ብሎ ሲጽፍ የትኛው ባለሙያ ፈረመልህ?»

ራሴ ላረጋግጥ ብዬ ሰዓቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰባት ጊዜ ፊቴ አደረቁት፤ ሰባቱም አበሩ። እንዲያም ሆኖ አልጻፍኩም። ደጋግመው ጠየቁኝ፤ በኋላ መጠየቁን ተዉት። አሁን እንደማየው ማስረጃው አልጎደለም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች ያገኙትን ስጽፍ ኖሬ፣ አንድ ወንበር ላይ አብረውኝ የተማሩት ያገኙትን መጻፍ አቃተኝ። እሳቸው አግኚ፣ እኔ አውሪ መሆኔ ከነከነኝ።

ግዛው፣ ይኸው ጻፍኩት። ምናልባት የሚያውቅ ሰው አንብቦ ይመልስልህ ይሆናል። ደብዳቤውን የምከፍተው ግን እኔ ነኝ፤ ስትጠብቀው የኖርከውን ስም ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። በሰላም እረፍ ወንድሜ። አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ያን ደብዳቤ ይዘህ እየሮጥክ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። እኔ ወዴት እሮጣለሁ?