እኔ በሙሉው ካንቶን፣ ኑሩ በግማሹ

ሌላው ሰው በሌሊት ይወጣል፤ እኛ ግን የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ በቀበሌ ማኅተም ነው። የወታደር አፈሳው ጎንደርን ሲያምሳት እናቴ «ትክል ድንጋይ ሠርግ አለባቸው» ብላ ለኔና ለወንድሜ ለኑሩ የሦስት ቀን ይለፍ አወጣችልን። ሠርግም የለ፣ ሙሽራም የለ። ከትክል ድንጋይ ወዲያ መንገዱን ትተን በአርማጭሆ ቆላ ወደ ሱዳን ወረድን። ኑሩ በረሃው ላይ ደረቱን ታመመ፤ እስከ ዛሬ ሲያስል ነው የሚያድር። እኔ ታላቁ ነኝና እሱን መጠበቅ የኔ ሥራ ነበር።

ካርቱም ሁለት ዓመት ቆይተን ስዊዘርላንድ ገባን። የስደተኛ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ቀይ ሰውዬ ነው፤ ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው።

«ወንድሙ ነህ?»

«አዎ።»

«ያንተ አባት ሰይድ፣ የሱ አባት እንድሪስ ይላል።»

አንድ አባት ነው፣ የቀበሌ ጸሐፊ ተሳስቶ ነው ብል ያልፍ ነበር። እኔ ግን ነገር ማዛባት አይሆንልኝም። «እናቱ በአራስነቱ ሞተችበት፤ እናቴ አጠባችው። አንድ ጡት ነው የጠባነው» አልሁ።

አስተርጓሚው፣ ከአሥመራ የመጣ ጎልማሳ፣ ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ልጅ፣ ይኼን ለፈረንጅ ምን ብዬ ልንገረው?»

«አያ፣ እንዳለ ይንገሩት።»

ነገረው። ሰውዬው እስከ ጆሮው ቀላ። «ወተት ዝምድና አይሆንም» አለና ጻፈ። ጎንደር ቢሆን የትኛውም ሸህ ሳይከራከር የሚፈርደው ነገር ነው፤ አንድ ጡት የጠቡ አይጋቡም፣ ወንድምና እህት ናቸው። እዚህ ግን በአንድ መስመር ጽሑፍ ወንድሜ ባዕድ ሆነ።

አሁን ይኼን አገር ልንገራችሁ። ሁሉ ተደምሮ ከጎንደር ክፍለ ሀገር ያንሳል። ባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ካርታ አለ፤ ቆሜ ቆጠርሁት፣ ሃያ ስድስት ካንቶን። እያንዳንዱ የራሱ ሕገ መንግሥት፣ የራሱ ፖሊስ፣ የራሱ ትምህርት ቤት፣ የራሱ ባንዲራ አለው። ከሥሩ ደግሞ ጌማይንደ የሚሉት ቀበሌ። ከካንቶኖቹ ስድስቱ ግማሽ ናቸው። አዎ፣ ግማሽ! ድሮ የተጣሉ ሰዎች አገሩን እንደ ዳቦ ለሁለት ገምሰውት፣ እስከ ዛሬ ግማሽ ካንቶን ይባላል። እኔን ሙሉው ውስጥ ጣሉኝ፤ ኑሩን ግማሹ ውስጥ። በባቡር አርባ ደቂቃ ነው፤ ከጎንደር ማክሰኝት በሉት። ወሰኑ ላይ ኬላ የለም፣ ዘበኛ የለም፣ ገመድ እንኳ የለም። ነገር ግን አውስቫይስ የሚሉት መታወቂያዬ ያለ ፈቃድ አያሳልፈኝም። ከይለፍ ሸሽቼ መጥቼ ይለፍ! ውርጩን፣ እግር እግር የሚሸት አይባቸውን ለምጄዋለሁ፤ ይኼን ግን አልለመድሁትም።

ኑሩን ላምጣው ብዬ ማመልከቻ አስገባሁ። የኔ ካንቶን «እነሱ ከለቀቁት እንቀበለዋለን» አለ። የሱ «እነሱ ከተቀበሉት እንለቀዋለን» አለ። ለዋናው ከተማ ጻፍሁ፤ «ጉዳዩ የካንቶኖቹ ነው» የሚል ሸጋ ደብዳቤ መጣልኝ። ወደ ራሴ ካንቶን መሥሪያ ቤት ተመለስሁ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ።

«ልጁ ታሟል እኮ» አልኋት።

«የራሱ ካንቶን ሐኪም አለው።»

«ቢሞትስ?»

መዝገቧን ገለጥ አደረገች። «ቀብር የጌማይንደው ሥራ ነው» አለች፣ ያለ አንዳች ተንኮል። የዘገነነኝ ይኼው ነው፤ ክፋት እንኳ የላትም።

ትናንት ከፖስታ ቤቱ የስልክ ሣጥን ውስጥ ሆኜ ጎንደር ደወልሁ። ስልኩ ያለው ጎረቤት ሱቅ ነው፤ እናቴን ጠሩልኝ።

«ኑሩ የታል?» አለች፣ ሰላምታውን ገና ሳትጨርስ።

«ተኝቷል።»

«በቀን? ምነው፣ ያስለዋል?»

«አያስለውም።»

«እስቲ ቀስቅሰው፣ ድምፁን ልስማ።»

ከኪሴ ሳንቲም ፈልጌ ስልኩ ውስጥ ጨመርሁ።

«በል ተወው፣ ይተኛ» አለች። «ደረቱን ብርድ እንዳይመታው፤ ያንተን ካፖርት ደርብለት።»

«እሺ፣ እደርብለታለሁ።»

«አሁን ደርብለት፤ እጠብቅሃለሁ።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። ከመስተዋቱ ውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ። ካፖርቴ ላዬ ላይ ነው።

«ደረብህለት?» አለች።

«ደረብሁለት» አልኋት።