የጋሼ እንድሪስ የከሰል ጎጆ

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማንጎ የምታለሙና የምትነግዱ ሁሉ የምታውቋቸው ጋሼ እንድሪስ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ አርፈዋል። ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ይህን የምጽፈው የአትክልት ጎረቤታቸው አስካለ ነኝ።

በእኛ ቆላ የተለቀመ ማንጎ ብዙ ቀን አይቆይም። ጋሼ እንድሪስ በግቢያቸው አንዲት ጎጆ ሠሩ፤ ግድግዳዋ በሁለት ወንፊት ሽቦ መካከል የታጨቀ ከሰል ነው። ጠዋትና ቀትር ላይ ከሰሉን ውሃ ያጠጡታል። ነፋሱ በርጥቡ ከሰል ውስጥ አልፎ ሲገባ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ደጋ የወጣሁ መስሎኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ቆምኩ።

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ፣ ማንጎዬን ለቅሜ እንዳበቃሁ ከደጋ የወረደ ጎርፍ ጀውሃ አጠገብ መንገዱን ቆረጠውና ማንጎ የሚጭነው መኪና ቀረ። የልጆቼ የዓመት ቀለብ ያ ማንጎ ብቻ ነበር። እሳቸውም የለቀሙት በዚያው ዕለት ነው፤ ጎጆዋ ግን የአንድ ሰው ምርት ብቻ ነበር የምትይዘው። የራሳቸውን አውጥተው ከዛፍ ሥር አኖሩና የእኔን አስገቡ።

እኔ ደግሞ ጥግ ላይ ቦታ ተረፈ ብዬ አንድ ቅርጫት የበሰለ ፓፓያ ጨመርኩ። በማግስቱ በሩን ከፍተው አሸተቱ።

«አስካለ! ይህን ወሬኛ ማን አስገባው?»

«የቱን ወሬኛ፣ ጋሼ?»

«ፓፓያውን ነዋ! መብሰሉን ለማንጎው ሁሉ ሲነግር ነው ያደረው። አውጪው፣ ልጆችሽ ይብሉት።»

ከዚያ ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ማንጎውን አንድ በአንድ እየዳሰሱ መለስለስ የጀመረውን ለዩ። «ከዛፍ ከወረደም በኋላ ይተነፍሳል» አሉኝ፤ «ሲሞቀው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ቶሎ ያረጃል።»

መኪናው በስድስተኛው ቀን መጣ። በሩ ሲከፈት ማንጎዬ እንደተለቀመበት ዕለት ጠንካራ ነበር። እጄን ቆዳው ላይ አሳረፍኩ። ከዛፉ ሥር ያለውን የእሳቸውን ማንጎ ግን ዝንብ ወርሮታል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ከሁለት አንዱ ተርፏል» አሉና ቅርጫቴን ለመጫን ጎንበስ አሉ።

ያን ቀን በሚገባ አላመሰገንኳቸውም። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ።

ጋሼ እንድሪስ፣ አላህ ማረፊያዎን ያቀዝቅዝልዎ። ትተውን የሄዱት በለቀማ መካከል ነው። ዛሬ ጠዋት ከባለቤትዎ ጋር ከሰሉን አጠጥተነዋል። ፓፓያ አላስገባንም። የእርስዎ ማንጎ ጎጆው ውስጥ ነው፤ የእኔ ከዛፍ ሥር ነው።