የወፍጮ ባንድ ካሴት፦ ከቢቸና ሞጣ ደርሶ መልስ

ከቢቸና የተነሳሁት አንድ ካሴት ፍለጋ ነው። በዚህ ጊዜ ለካሴት ብሎ መንገድ የሚወጣ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። እናቴም ደጋግማ ነግራኛለች።

ወፍጮ ባንድን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው አዲስ አበባ ገብተው ያሳተሙትን ሥራ ነው። እኔን የሚስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ሞጣ ውስጥ ወፍጮው ለምሳ ሲቆም ጠብቀው ጊታራቸውን ከወፍጮው መብራት እየሰኩ የሚለማመዱት ልጆች። ያኔ ካሴት አልነበራቸውም። አዳራሽ ሲጫወቱ ግን ቴፕ ደብቀው ገብተው የሚቀዱ ሰዎች ነበሩ። ቢቸና የተቀዱትን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ሰምቻለሁ። በአንዱ ከበሮው እንጂ ዘፋኙ አይሰማም፤ በሌላው አንድ ሰውዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስላል።

ሮክ ይጫወቱ እንጂ የጎጃም ልጆች ናቸው። በዘፈኑ መሀል ጊታሩ ዝቅ ይልና ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል። መጀመሪያ አንድ ስንኝ ይሰጣል፣ ዘፋኙ ይቀበላታል፣ ከዚያ ማሰሪያዋ ትከተላለች። ስቱዲዮ ሲገቡ ይህ ቀረ። አባቴ ዘሪሁን የቢቸና አናጢ ነበር፤ ባንዱ በሄደበት እየሄደ ግጥም ይሰጥ ነበር ይላሉ። የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። እናቴ ስለዚያ ዘመን ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች።

«ስልክሽን ትተሽ ሂጂ» አለችኝ በር ላይ። «ኬላ ላይ ሰውን የሚያስጠረጥረው ስልክ ነው።»

ትቼው ሄድኩ።

በመንገድ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ፀሐይ ወጣች። ታሪፉ ካለፈው ጊዜ እጥፍ ሆኗል፤ ማንም አልተከራከረም። ከደብረ ወርቅ በኋላ ወሬ ጠፋ። በግራ ጮቄ ደመና ለብሶ ተኝቷል፤ በቀኝ የጤፍ ክምር ሳይወቃ ቆሟል፤ ሰው ግን አይታይም። ከፊት የሚመጣ መኪና ስናይ ሾፌሩ መብራት ያበራል፣ ያኛውም ካበራ መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነው፣ ትንፋሽ እንመልሳለን። ካላበራ እንደገና እንይዛለን።

ግንደወይን ሻይ ለመጠጣት ወረድን። ሻይ የምትቀዳዋ ሴት «ወደ ሞጣ ናችሁ?» አለች። አዎ ስንላት ስኳር ጨመረችልን። ሳልጨርሰው ተነሳሁ።

ሞጣ

የባንዱ የሞጣ ቅጂ አላቸው የተባልኩት ጋሽ ሰይድ ድሮ ካሴት ቤት ነበራቸው፤ ዛሬ እዚያው ሱቅ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣሉ። ሳልቀመጥ ፊቴን አዩና «የዘሪሁን ልጅ ካልሆንሽ ሱቄን እዘጋለሁ» አሉ።

«በምን አወቁኝ?»

«በግንባርሽ። እሱም ገበያ የገባ ወይፈን ይመስል ነበር፤ ሁልጊዜ የደነገጠ።»

ያኔ ዘፈኑን ሊቀዱ አዳራሽ ሲገቡ ቴፑን በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው እንደነበር ነገሩኝ። ካሴቱን ከብስኩት ቆርቆሮ አወጡት። ቴፑ ላስቲኩ ተበጥሶ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ነው የሚዞረው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሉኝ። «ሪቧኑ ደርቋል። ሁለተኛ ከሞከርን ይበላዋል። በስልክሽ ቅጂው።»

«ስልክ አልያዝኩም።»

ጥንቃቄ ብዬ ያደረግኩት ነገር እንዴት እንደከዳኝ ያኔ ገባኝ። የሳቸው ስልክ ደግሞ አዝራሩ የሚጫን ትንሿ ናት፤ አትቀዳም። እንዳንዋስ የጎረቤት ሱቆች ዝግ ናቸው።

አጫወቱት። ጩኸት፣ ፉጨት፣ ከዚያ ጊታር፤ እንደ ቆርቆሮ የሚፍቅ፣ ስቱዲዮ ገብቶ ያልታረመ ጊታር። የአዳራሹ ሰው ከባንዱ በላይ ይጮኻል። አንዱ ግጥም ሰጠ፣ ሌላው ሰጠ፣ ተሳቀ። የጎማው ቁራጭ ሲንሸራተት ድምፁ ይዘቅጣል፤ እኔም አብሬ እዘቅጣለሁ። ገጹ ሊያልቅ ሲል ጋሽ ሰይድ ጣታቸውን አነሱ።

«ያውልሽ።»

«ተቀበል!» አለ ቀጭን ድምፅ። የአባቴ ድምፅ ወፍራም ይመስለኝ ነበር።

*ጅብ አልፈራም ብዬ፣ ወንዝ አልፈራም ብዬ፣*

ዘፋኙ ተቀበለ። አባቴ ለማሰሪያው ትንፋሹን ሲስብ ተሰማኝ። ከዚያ ቀጭ አለ። ገጹ አለቀ።

«ስገለብጠው አለፈኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ማሰሪያዋን እንጃ።» ካሴቱን እጄ ላይ አስቀመጡት። «አንቺ የምትፈልጊው እዚህ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ውሰጂው።»

መልስ

ከሞጣ ወጥተን ብዙ ሳንሄድ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። ማን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም። ወረድን። ቦርሳዬን የፈተሸው ወጣት ካሴቱን አገኘ።

«ምንድን ነው ያለበት?»

«ዘፈን።»

«የምን ዘፈን? መልእክት ይሁን በምን አውቃለሁ?» ጣቱን ከታች አስገብቶ ሪቧኑን ሳበው። ገና ወደ ኋላ ስላልተጠቀለለ ከፊት ያለው የገጹ መጨረሻ ነው። አባቴ በጣቱ ላይ ተንጠለጠለ።

«ዘፈን ከሆነ ዝፈኚው።»

ጣቱ ላይ ያለውን ሪቧን አየሁ። አጠገቤ ጌሾ ይዛ የቆመች ሴትዮ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ «ዝፈኚ እንጂ! ወይስ እኛ እንዝፈንልሽ?»

«ጅብ አልፈራም ብዬ፣ ወንዝ አልፈራም ብዬ...»

ድምፄ እንደ ፍየል ተርገበገበ። ልጁ ጓደኛውን ዞር ብሎ አየውና ሳቀ። «እየተንቀጠቀጠች አልፈራም ትላለች!» ከዚያ ሳቁን ገታ። «ማሰሪያውስ?»

«የለም። ካሴቱ አልቋል።»

«ግማሽ ግጥም ይዘሽ ነው የምትዞሪ?» ቅር አለው፤ እንደ ጎጃም ሰው። ካሴቱን መለሰልኝ። «ሂዱ። ማሰሪያውን ፈልጊ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሪቧኑን በእስክሪብቶ ጠቀለልኩት። አንድ ቦታ ተጨማድዷል። እስከ ቢቸና ያንን ቦታ እያሰብኩ፣ እያፈርኩም መጣሁ። አባቴ ጅብም ወንዝም የማይፈራ ነበር፤ እኔ ልጁ ግን በአንድ ጥያቄ ተርገበገብኩ።

እናቴ በር ላይ ጫማዋን እንዳደረገች ተቀምጣ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳትና ስንኟን አልኩላት። ወደ መንገዱ እያየች፣ ሳትዘፍን፣ እንደ ተራ ወሬ ቀጠለችው፤

*አንቺን ማጣት ፈራሁ፣ መጣሁ ተከትዬ።*

«ያኔ አክስቴ ሞጣ ወስዳኝ ነበር» አለች። «አባትሽ ባንዱን ተከትሎ አልነበረም የመጣው። እኔን ፍለጋ ከቢቸና በእግሩ ነው የመጣ። ያንን ሲል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

መንገድ ለመውጣት ፍርሃት እስኪለቀኝ መጠበቅ እንደሌለብኝ ከዚህ ጉዞ ተምሬያለሁ። አባቴም ሳይለቀው ነው ሞጣ የደረሰው።

እናቴ ካሴቱን ተቀበለችኝና የተጨማደደውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ቀስ ብላ አሻሸችው።

«ቴፕ ያለው ሰው ፈልጊ» አለች። «ስልክሽንም ያዢ።»